የተከራየሁት መኪና ቅጣት ከወራት በኋላ ሲመጣ

መኪናውን መልሼ ቁልፉን ካስረከብኩ 9 ሳምንት ሆኖኛል። ማስያዣው ተለቅቆልኛል። ጉዞው ራሱ ከሐሳቤ ወጥቷል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ከካርዴ ገንዘብ መቆረጡን የሚገልጽ መልእክት ከባንክ መጣ። የቆረጠው አከራዩ ድርጅት ነው። ገንዘቡ ብዙ የሚባል አይደለም፤ ለምን እንደተቆረጠ ግን አላውቅም። ከሰዓታት በኋላ አጭር ኢሜይል ተከተለ፦ «ከኪራይ ውልዎ ጋር በተያያዘ፣ የትራፊክ ጥሰት የአገልግሎት ክፍያ።» በቃ። የት፣ መቼ፣ ምን እንዳጠፋሁ አይልም።

እኔም «የሆነ ቦታ ፓርኪንግ ተቀጥቻለሁ፤ እነሱ ከፍለውልኝ ገንዘባቸውን ከካርዴ ወሰዱ» ብዬ ተረጎምኩት። ቅር እያለኝ ኢሜይሉን ዘጋሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እዚሁ ቦታ ላይ እንዳይሳሳት ብዬ ነው። የተቆረጠው ገንዘብ ቅጣቱ አልነበረም። ቅጣቱ ለብቻው፣ በሌላ መንገድ፣ ወደ ሌላ ቤት እየሄደ ነበር። እኔ እፎይ ብዬ በተቀመጥኩበት ጊዜ ቀኑ ይቆጠራል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤተሰብ ይዤ ለ3 ቀን ወጣ ማለት ነበረብኝ። 7 ሰው ነን። የኔ መኪና የሚይዘው 5 ሰው ነው። ስለዚህ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ሰፋ ያለ መኪና ተከራየሁ። የራሴን መኪና አከራዩ ግቢ ውስጥ አቆምኩት፤ ለደንበኛ ይፈቅዳሉ። ቁልፍ ስቀበል የተከራየሁትን መኪና ዙሪያውን ፎቶ አነሳሁ። ጭረቱን፣ ጎማውን፣ የነዳጁን ጌጅ። እነዚህ ፎቶዎች በኋላ ባላሰብኩት መንገድ ጠቀሙኝ።

ያኑ ቀን 14፡40 ላይ መሀል ከተማ የሚከፈልበት ፓርኪንግ አቆምኩ። ትኬት አትሞ መስታወት ላይ የሚደረግበት ዓይነት አይደለም። ማሽኑ ላይ ታርጋ ታስገባላችሁ፣ ሰዓት ትመርጣላችሁ፣ በካርድ ትከፍላላችሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ታርጋ በካሜራ እያነበቡ ያልተከፈለበትን ይለያሉ። እናቴ እግሯን አሟት መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ልጆቹ ሽንት ቤት ይላሉ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ማሽኑ «ታርጋ ያስገቡ» ሲለኝ ጣቴ በራሱ ሄደ። የ6 ዓመት ልማድ ነው፤ የራሴን መኪና ታርጋ አስገባሁ። የ2 ሰዓት ሂሳብ ከፈልኩ። 14፡43 ላይ ደረሰኙ በአጭር መልእክት ስልኬ ገባ። ታርጋው እዚያው ተጽፏል። አላየሁትም።

16፡10 ላይ ተመለስን። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የለም። ሰኞ መኪናውን መለስን፤ አለቀ ብዬ ነው።

ከመጀመሪያው ቆረጣ 5 ሳምንት ቆይቶ ያው ገንዘብ፣ በዚያው ድርጅት፣ ድጋሚ ተቆረጠ። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ ፋይሌን ለማግኘትም ጊዜ አልወሰደባትም።

«ቅጣቱን እኛ አልከፈልንልዎትም» አለችኝ። «እኛ ያስከፈልንዎ ስምዎንና አድራሻዎን ቅጣቱን ለጻፈው መሥሪያ ቤት ያስተላለፍንበትን ነው። ቅጣቱ ለእርስዎ በፖስታ ተልኳል።»

«በየትኛው አድራሻ?»

ስታነብልኝ ሆዴ ቦጭ አለ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እነሱ ጋ የደንበኛ ፋይል የከፈትኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተከራየሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ የድሮውን አድራሻ እያመጣ ውሉ ላይ ያትማል። እኔም ሳላነብ እፈርማለሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ፤ ይሄ ከገባችሁ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። ታርጋው የተመዘገበው በአከራዩ ስም ነው። ስለዚህ የቅጣቱ የመጀመሪያ ደብዳቤ የሚሄደው ለአሽከርካሪው ሳይሆን ለአከራዩ ነው። አከራዩ በዚያ ቀንና ሰዓት መኪናው በማን እጅ እንደነበር ከውሎቹ ይፈልጋል። ከዚያ ስማችሁንና አድራሻችሁን ለቅጣቱ ባለቤት ይልካል። ያኛው መሥሪያ ቤት የአከራዩን ስም ይሰርዝና በእናንተ ስም አዲስ ደብዳቤ ያወጣል። አንዳንዴ መኪናው የአከራዩም አይደለም፤ ከሌላ ገንዘብ አቅራቢ ድርጅት በረጅም ጊዜ ኪራይ የተወሰደ ነው። ያኔ አንድ ደረጃ ይጨመራል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፖስታና የራሱ ወረፋ አለው። ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

አከራዮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ስማችሁን ብቻ አስተላልፎ ለዚያ ሥራ ያስከፍላል። ሌላው ቅጣቱን ራሱ ከፍሎ፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ደምሮ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ሁለተኛው ሲገጥማችሁ ይግባኝ የማለት ዕድላችሁ ይጠባል፤ ቅጣቱ ከተከፈለ በብዙ ቦታ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። የእናንተ አከራይ የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ ተጽፏል። ከካርዳችሁ ገንዘብ ሲቆረጥ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ይሄ ቅጣቱ ነው ወይስ የእናንተ የአገልግሎት ክፍያ?» የሚል ይሁን። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የቀረው ሁሉ ባልመጣ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ድሮው ቤት ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ሴት አታውቀኝም። ስሜን ስነግራት ግን ወዲያው «ውይ! ደብዳቤ አለህ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከመሳቢያ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ፖስታዎች አወጣች። ብዙዎቹ ማስታወቂያ ናቸው። ሁለቱ ግን መስኮት ያላቸው ነጭ ፖስታዎች፣ በግራ ጥጋቸው አንድ ዓይነት ማኅተም ያለባቸው። በሩ ላይ ቆሜ ከፈትኳቸው።

የመጀመሪያው በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልኩ ግማሹ እንደሚቀነስልኝ ይናገራል። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ሁለተኛው ቅናሹ መቅረቱን፣ በቅጣቱ ላይ ደግሞ ግማሹን ያህል መጨመሩን፣ ለመቃወም የቀረኝም 9 ቀን መሆኑን ይነግረኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኔ ጋ ግን ቅጠሉ ለሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሴትየዋን አመስግኜ፣ ወደፊት ሌላ ደብዳቤ ከመጣ እንድትደውልልኝ ስልኬን ሰጥቻት ወጣሁ።

የዚያን ማታ ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩ። ቅጣቱ የተጻፈበት ሰዓት 15፡22 ነው። ፎቶም አያይዘዋል፤ መኪናው ከነታርጋው በግልጽ ይታያል። ምክንያቱ «ለዚህ ታርጋ የተፈጸመ ክፍያ የለም» ይላል። እኔ ግን መክፈሌን አስታውሳለሁ። የስልኬን መልእክቶች ወደ ኋላ ስገፋ ደረሰኙን አገኘሁት። ቦታው ያው፣ ቀኑ ያው፣ ከ14፡43 እስከ 16፡43። ታርጋው የራሴ መኪና። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

በተከራዩት መኪና ላይ የራስን ታርጋ ማስገባት ለካ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። የፓርኪንግ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ አፑ የምታውቁትን ታርጋ አስቀምጦ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ «ክፈል» የሚለውን ብቻ ትነካላችሁ። ስለዚህ ቅጣት ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ደረሰኞች ፈልጉ። «አልከፈልክም» የተባለ ሰው ሁሉ ያልከፈለ አይደለም።

የመጀመሪያውን የተቃውሞ ደብዳቤ የጻፍኩት በንዴት ነው። 3 ገጽ ሆነ። ስለ እናቴ እግር፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ አከራዩ ዝርክርክነት ሁሉ አለበት። ባለቤቴ አነበበችውና «ይሄን ሁሉ ማን ያነብልሃል? የከፈልክ መሆንህ የት ጋ ነው ያለው?» አለችኝ። እውነትም ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። እንደ አዲስ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ወጣው። ዋናው አንቀጽ ይሄ ነው፤ የሚጠቅማችሁ ከሆነ ውሰዱት፦

«ቅጣቱ በተጻፈበት ሰዓት ለዚያ ቦታ ክፍያ ፈጽሜ ነበር። ያስገባሁት ግን የተከራየሁትን ሳይሆን የራሴን መኪና ታርጋ ነው። የራሴ መኪና በዚያን ቀን አከራዩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ክፍያው ለሌላ መኪና ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተላከው ወደ ቀድሞ አድራሻዬ በመሆኑ በጊዜው አልደረሰኝም። ቅጣቱ እንዲነሳልኝ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ጭማሪው ተነስቶ በቅናሹ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለት ነገር ጠይቄአለሁ። ዋናው ባይሳካ እንኳ አንድ የሚሰጡኝ ነገር አለ። «ይሰረዝልኝ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው መልሱ «አይሰረዝም» ከሆነ እዚያው ያበቃበታል።

ከደብዳቤው ጋር የፓርኪንጉን ደረሰኝ፣ ገንዘቡ ከካርዴ የወጣበትን የባንክ መግለጫ፣ የኪራይ ውሉንና የአዲሱን ቤቴን ውል አያያዝኩ። የቀረው የራሴ መኪና የት እንደነበረ ማሳየት ነው። ምን ላምጣ ብዬ ሳስብ ጭረት ለመያዝ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ትዝ አሉኝ። ከፈትኳቸው። በአንዱ ላይ ከተከራየሁት መኪና የኋላ መብራት ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ የራሴ መኪና ቆሟል። ታርጋው ይነበባል። ሰኞ ስመልስ ያነሳሁት ፎቶ ላይም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር አለ። ሁለቱንም ከነተነሱበት ቀንና ሰዓት ላክሁ። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ሰዓቱን በውስጡ ይይዛል፤ ዋናውን ፋይል ስትልኩ አብሮ ይሄዳል፣ በመልእክት መላኪያ አፕ ስታስተላልፉት ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን አታጥፉት።

እስከዚያ ድረስ ቅጣቱን አልከፈልኩም። ብዙ ሰው «ከፍዬ ልከራከር» ይላል። በብዙ ቦታ ከከፈላችሁ አመናችሁ ማለት ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል። ደውዬ ግን ተቃውሞው እየታየ ሳለ ቀኑ መቆጠሩን ያቆም እንደሆነ ጠየቅኩ። ያቆማል አሉኝ። ይህንኑ በጽሑፍ እንዲልኩልኝም ጠየቅኩና ላኩልኝ። እናንተም ይህን ሳታረጋግጡ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

መልሱ በ23ኛው ቀን መጣ። 3 መስመር ኢሜይል። ክፍያው በስህተት ለሌላ ታርጋ መፈጸሙን ማስረጃው ስለሚያሳይ ቅጣቱ ተሰርዟል፤ ለወደፊቱ ተመሳሳይ ምክንያት ተቀባይነት ላይኖረው ይችላል። ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተደግፌ ሁለቴ አነበብኩት።

የቀረው የአከራዩ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ባንክ ደውዬ ሁለቱንም ቆረጣ «አላውቃቸውም» ልል ዳር ዳር ብዬ ነበር። ደግነቱ ባንክ ቤት ያነጋገረኝ ሰውዬ መጀመሪያ ውሉን እንዳየው መከረኝ። ፈርሜ የፈቀድኩትን ክፍያ አላውቅም ብል እውነት አይሆንም። ገንዘቡ ቢመለስልኝ እንኳ አከራዩ ዕዳ ብሎ ሊያሳድደኝ፣ ሁለተኛ አላከራይህም ሊለኝ ይችላል። በካርድ ስለሚቆረጥ ቅጣት ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። የክፍያ ካርድ ድርጅቱ የቪዛ ደንብ፣ አከራይ ድርጅት ከኪራዩ በኋላ የፓርኪንግ ቅጣት ከደንበኛ ካርድ ሲቆርጥ ቅጣቱን ከጻፈው አካል የመጣ ሰነድ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ የመኪናው ታርጋ፣ ጥሰቱ የተፈጸመበት ቦታና ጊዜ፣ የተጣሰው ሕግና የቅጣቱ መጠን ያለበት። ስለዚህ አከራዩ ቅጣቱን ራሱን ከቆረጠባችሁ ሰነዱን ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። 11ኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ለእያንዳንዱ ጥሰት አንድ የአገልግሎት ክፍያ» ይላል። የኔ ጥሰት አንድ ነው። ሁለት ጊዜ የቆረጡት ስለዚያው ጥሰት ሁለተኛ ደብዳቤ ስለደረሳቸው ነው። ይህን በ5 መስመር ጽፌ፣ የውሉን ገጽ ፎቶ አያይዤ ላክሁ። በ10 ቀን ውስጥ ሁለተኛውን መለሱልኝ።

የመጀመሪያውን ግን አልመለሱም። ቅጣቱ ቢሰረዝም ክፍያው እንደማይመለስ ውሉ በግልጽ ይናገራል። ቅር ብሎኛል፤ አልደብቅም። ጥፋት የለብህም ተብሎ የተሰረዘ ቅጣት ላይ ሰውን ማስከፈል ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያንን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ሥራም አይታየኝም፤ ስምና አድራሻ መላክ ነው። ግን ፈርሜአለሁ። ስለዚህ ለመከራከሪያ የሚሆን መሬት አልነበረኝም፣ ተውኩት።

ታላቅ ወንድሜ የገጠመው ደግሞ ከኔ የከፋ ነው። የተከራየውን መኪና እሁድ ማታ መለሰ። ቢሮው ዝግ ስለሆነ ቁልፉን በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጣለው። መኪናውን ያቆመው ግቢው ስለሞላ መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ሠራተኞቹ ገብተው መኪናውን እስኪረከቡ ድረስ መኪናው ተቀጣ። ከ3 ወር በኋላ ቅጣቱ ለሱ መጣ። እሱ «መልሻለሁ» ይላል፤ እነሱ «የተረከብነው ሰኞ ጠዋት ነው» ይላሉ። ብዙ ውል ላይ ቢሮ ዝግ ሲሆን የተመለሰ መኪና በሠራተኛ እስኪታይ ድረስ በተከራዩ ኃላፊነት ሥር ይቆያል። ወንድሜ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይረከበው መኪና አይመልስም፤ ሲያስረክብም ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ሳይቀበል አይወጣም። ስለዚህ የቅጣቱን ሰዓት ሁልጊዜ ከተረከባችሁበትና ከመለሳችሁበት ሰዓት ጋር አስተያዩት። ከእናንተ በፊት ወይም በኋላ የነበረ ሰው ጥፋት በስህተት ወደ እናንተ የሚመጣበት ጊዜም አለና።

ከአገር ወጣ ብላችሁ የምትከራዩ ከሆነ ጊዜው ከኔም በላይ ሊረዝም ይችላል። ጣሊያን ውስጥ የትራፊክ ቅጣት በአገሩ ለሚኖር ሰው በ90 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፤ ነዋሪነቱ ውጭ አገር ለሆነ ግን እስከ 360 ቀን ይፈቀዳል። ዓመት ሊሞላው ሲል ደብዳቤ ቢደርሳችሁ «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ አትጣሉት። እዚያ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ለሚከፍል በብዙዎቹ ቅጣቶች ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ መደበኛው ጊዜ 60 ቀን ነው። አምስቱ ቀን ማንበቢያም አይበቃ፣ ስለዚህ ፖስታውን በመጣበት ቀን ክፈቱት።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሁለት የሚመሳሰሉ ግን በጣም የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንዱ ከአካባቢው ምክር ቤት የሚመጣ ሕጋዊ ቅጣት ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፣ ተቃውሞው ውድቅ ከተደረገም ገለልተኛ ወደሆነ ዳኛ ይኬዳል። ሌላው የገበያ ማዕከልና የመሳሰለውን ፓርኪንግ ከሚያስተዳድር የግል ድርጅት የሚመጣ ነው። ይሄኛው የመንግሥት ቅጣት አይደለም፤ «ውል አፍርሰሃል» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነው። ለዚህ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ አለ። የኪራይ መኪና ሲሆን ድርጅቱ አከራዩን ትቶ ተከራዩን መጠየቅ የሚችለው አከራዩ የውሉን ቅጂና ተከራዩ ኃላፊነት የወሰደበትን ፊርማ ከሰጠው ነው። ሰነዶቹ ከደረሱትም በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፣ ከነሰነዶቹ ቅጂ፣ ለተከራዩ ማሳወቅ አለበት። ይህን ሳያሟሉ የሚልኩ አሉ። ስለዚህ ፖስታው ውስጥ ያለውንና የሌለውን ቁጠሩ። የትም አገር ሁኑ፣ ደብዳቤው ላይ የሠፈረው ስም የመንግሥት ነው ወይስ የግል ድርጅት የሚለውን ሳታጣሩ ካርዳችሁን አታውጡ።

በተለይ በስልክ መልእክት «ያልተከፈለ የፓርኪንግ ቅጣት አለብዎ፣ ዛሬ ካልከፈሉ ይጨምራል» ብሎ ሊንክ የሚልክላችሁን አትመኑ። አጭበርባሪዎች የተያያዙት ሥራ ነው። የኪራይ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ለዚህ ይጋለጣል፤ «ምናልባት ሳላውቅ ተቀጥቼ ይሆናል» ብሎ ያምናል። ሊንኩን አትንኩት። የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ፣ የቅጣት ቁጥሩንና ታርጋውን አስገብታችሁ እዩ። ለዚህ እንዲሆን የተከራያችሁትን መኪና ታርጋ መጻፍ አለባችሁ። መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላ ታርጋውን የሚያስታውስ የለም። እኔ ውሉን፣ የነዳጅ ደረሰኞቹንና ፎቶዎቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አስቀምጣለሁ።

ካርድም አለ። ባንኩ ካርዳችሁን ቢቀይርና አከራዩ የያዘው የድሮው ቢሆን ክፍያው አይሳካም። ያኔ የአገልግሎት ክፍያው ዕዳ ሆኖ ወደ ዕዳ አስመላሽ ሊተላለፍ ይችላል፣ እናንተ ሳትሰሙ። ካርድ ስትቀይሩ ወይም ቤት ስትቀይሩ አከራዩ ጋ ያለውን ፋይል አስተካክሉ። መንጃ ፈቃድ ላይ ያለውንም አድራሻ አትርሱ፤ ውሉን የሚሞላው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚገለብጠው።

ባለፈው ወር ድጋሚ ተከራይቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ውሉን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያየሁት አድራሻውን ነው። አዲሱ ነው። ግቢ ወጥቼ የኋላ ታርጋውን ፎቶ አነሳሁና የስልኬ መክፈቻ ስክሪን ላይ አደረግኩት። ፓርኪንግ ማሽኑ ፊት ስቆም ስልኬን እያየሁ ፊደል በፊደል አስገባሁ። ደረሰኙ ሲመጣም እዚያው ቆሜ ታርጋውን ከፎቶው ጋር አስተያየሁ። ልክ ነበር።